ከእንጦጦ ማዶ እስከ ወንድማማች ደሴቶች፦ ልምድ ላለው የደጋ ጠላቂ ዝርዝር መመሪያ

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ ወይም በቡራዩ የሚኖር ስኩባ ጠላቂ ከሌላው ዓለም ጠላቂ የሚለየው ባሕር ስለራቀው ብቻ አይደለም። ቤቱ ተራራ ላይ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በውጭ አገር የሚታተሙ የጠላቂ መመሪያዎች ደግሞ አንባቢያቸው ከጀልባ ወርዶ ባሕር ዳር ወዳለ ቤቱ እንደሚመለስ ገምተው የተጻፉ ናቸው። እነርሱ በአንድ አንቀጽ የሚያልፉትን ጉዳይ እኛ የዕቅዳችን መጀመሪያ ማድረግ አለብን።

ይህ ጽሑፍ መጥለቅን ለሚጀምር ሰው አይደለም። የላቀ ደረጃ ፈቃድ ላለው፣ ከ30 ሜትር በታች ለሠራ፣ በፍሰት ውስጥ መሄድ ለማያስደነግጠው ሰው ነው። ምሳሌዬ በግብፅ ቀይ ባሕር ውስጥ የሚገኙት ሁለቱ ወንድማማች ደሴቶች ናቸው፤ ካርታ ላይ ኤል አኽዋይን ተብለው ያገኟቸዋል። ወደ ሌላ የባሕር ማዶ ሪፍ (የኮራል ዓለት) የሚሄድም ስሌቱን ሳይቀይር ሊጠቀምበት ይችላል።

ከመመለሻው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

በግፊት ስር ስንተነፍስ ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለን ስንወጣ በሳንባ በኩል ይወጣል፤ ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰ ግን እንደተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አረፋ ይሠራል። በግብፅ የባሕር ዳር ከተማ በሁርጋዳ ሆቴል ውስጥ ያለ ምንም ሕመም የተኛ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ገና ያልወጣ ናይትሮጅን ይዞ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ የሚመጣው ወደ ከፍታ ሲወጣ ነው።

ዳን በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከመብረር በፊት ስለሚያስፈልገው ቆይታ ምክር አውጥቷል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ በመውጣት ላይ የግዴታ ማቆሚያ ያስፈለገው ደግሞ ከ18 ሰዓት በእጅጉ የበለጠ ጊዜ ይጠብቅ ይላል። ብዙ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ያውቃል። የማያውቀው ምክሩ የተሰጠው የመንገደኞች ክፍሉ ግፊት ከ610 እስከ 2,438 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ለሚመጣጠን በረራ መሆኑን ነው።

አሁን ይህን ከእኛ አገር ጋር ያስተያዩት። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ማለትም አዲስ አበባ ላይ መሬት መርገጥ አውሮፕላን ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው፤ ሌላው መንገደኛ ሲያርፍ ግፊቱ ወደ ቦታው ይመለስለታል፣ የእኛ ግን አይመለስም። እንደ ድሪምላይነር ባሉ አዳዲስ አውሮፕላኖች የመንገደኞች ክፍል ከ1,800 ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ነገሩ ያስቃል፦ አውሮፕላኑ ቦሌ ለማረፍ ሲወርድ ክፍሉ ግን ወደ ቦሌ ከፍታ ይወጣል። ከዚያ ሻንጣዎን ጭነው የእንጦጦን ትከሻ ተሻግረው ሱሉልታ ሲገቡ ምክሩ ከተሰጠበት ከፍታ ወደ 300 ሜትር ያህል አልፈው አደሩ ማለት ነው። በረራ በጥቂት ሰዓት ያልቃል፤ ቤት ግን ይታደራል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠላቂዎች መመሪያ ከመጥለቅ በኋላ ወደ ከፍታ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ቆይታ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ለደጋ ነዋሪ ከዚህ የተሻለ ማመሳከሪያ አላውቅም፤ ሠንጠረዡን አትመው ከፓስፖርትዎ ጋር ያኑሩት። የራሴ ልክ ግን ከሠንጠረዡም የላላ አይደለም፦ ለብዙ ቀናት ደጋግሞ ለጠለቀና ከ2,400 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ከመጨረሻው መውጣት እስከ በረራው 48 ሰዓት፣ ሁለቱንም ሌሊት በባሕር ጠለል። ይበዛል የሚሉኝ አሉ። ለአንድ ተጨማሪ ሌሊት የሚከፈለው የሆቴል ዋጋ ይህ ሕመም በሚታከምበት የግፊት ማስተካከያ ክፍል ውስጥ ከሚያልፍ አንድ ሰዓት ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ ቀን መቁጠሪያውን ገልብጠው ይያዙ። በረራው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከሆነ የመጨረሻው መጥለቅ ሐሙስ ከቀትር በፊት ያበቃል። ጀልባው ዓርብ ጠዋት የመሰናበቻ መጥለቅ ቢያዘጋጅ እርስዎ መርከቡ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ይህን ለጀልባው አዘጋጅ ቦታ ሲይዙ በጽሑፍ ይንገሩ፤ በመጨረሻው ቀን ውሃው ጠርቶ ጓደኞችዎ ሲዘሉ ራስዎን ማሳመን ይከብዳልና።

ጅቡቲን የመረጡ ሰዎች አንዳንዴ "እኔ በባቡር ነው የምመለሰው፣ አልበርም" ይላሉ። ባቡሩ ከናጋድ ተነሥቶ ፉሪ ለቡ ሲደርስ ከባሕር ዳር እስከ ሸዋ ደጋ ወጥቷል። በመኪና የመጣም እንደዚሁ። ሰውነት የሚያውቀው ግፊትን ነው፤ ትኬቱ የምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ቦታው፣ ወራቱና ጀልባው

ወንድማማቾቹ ከቁሰይር ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከጥልቅ ባሕር ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በትልቁ ላይ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1883 የሠሩት የመብራት ማማ ቆሟል። በሰሜኑ ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1901 የሰጠመችው ኑሚዲያ የተባለች የጭነት መርከብ ከ10 ሜትር ገደማ ጀምራ ከ80 ሜትር በታች ድረስ በተዳፋቱ ላይ ተጋድማለች፤ የባቡር ዕቃ ጭና ስለነበር የባቡር ጎማዎች ዛሬም በኮራል ተሸፍነው ይታያሉ። ከእርሷ ጥቂት ራቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1957 የሰጠመችው አይዳ አለች። እርሷ የምትጀምረው 30 ሜትር አካባቢ ስለሆነ በመውጣት ላይ የግዴታ ማቆሚያ ሳያስፈልግ የሚታየው ክፍሏ ትንሽ ነው። ትንሹ ደሴት መርከብ የለውም፤ ያለው ግድግዳ፣ ትልልቅ የባሕር ማራገቢያ ኮራሎችና ሻርክ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ትንሹን እመርጣለሁ።

ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ መዶሻ ራስ ሻርኮችን የማየት ዕድል አለ። በጥቅምትና በኅዳር ክንፋቸው ጫፉ ነጭ የሆነው የውቅያኖስ ሻርኮች ይመጣሉ፤ ውሃውም ገና ሞቃት ነው። በጥርና በየካቲት የሰሜኑ ነፋስ ይበረታል፣ ውሃው ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል፣ ብዙ ጀልባም ሳይደርስ ይመለሳል።

ወደ ደሴቶቹ ለመግባት ቢያንስ 50 ጊዜ መጥለቅዎን የሚያሳይ መዝገብ ይጠየቃሉ። የመዝናኛ ጠላቂ ከ40 ሜትር በታች መውረድ አይፈቀድለትም፤ በሌሊት መጥለቅና ጓንት ማድረግም የተከለከሉ ናቸው። ሃምሳ ቁጥሩ መግቢያ ነው እንጂ ብቃት አይደለም። የደጋ ሰው ሃምሳውን በዓመታት ውስጥ አልፎ አልፎ ስለሚሞላ እጁ በየመካከሉ ይዝጋል። መለኪያዬ ሌላ ነው፦ ከስርዎ ምንም ነገር በማይታይበት ውሃ 5 ሜትር ላይ ቆመው፣ ምልክት ሰጪ ፊኛዎን እየነፉና ገመዱን እየለቀቁ፣ ለሦስት ደቂቃ ከግማሽ ሜትር በላይ ካልተንሸራተቱ ዝግጁ ነዎት። ካልሆነ በዚህ ዓመት በባሕር ዳር ሪፍ ይርኩ።

ጀልባውን በአልጋው ምቾት አይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሁሪኬን የተባለች ጀልባ በዚሁ ባሕር በእሳት ተያይዛ ሦስት እንግሊዛውያን ሞተውባታል፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ሲ ስቶሪ ማርሳ ዓለም አቅራቢያ ተገልብጣ ሰጥማለች። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ሠራተኛ አለ? ከታችኛው መኝታ ክፍል ሁለተኛ መውጫ አለ? የት ይከፈታል? ንጹሕ ኦክስጅን ስንት ሲሊንደር ተይዟል? መልሱ "አይጨነቁ" ከሆነ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ። ተሳፍረው በመጀመሪያው ሰዓት ሁለቱንም መውጫዎች በእግርዎ ሄደው ይክፈቱ፤ ዓይንዎን ጨፍነውም ይሞክሩት። የካሜራና የባትሪ መብራት ባትሪ በመኝታ ክፍል ውስጥ እየሞላ አይተኙ።

ቤት ሆነው የሚሠራ ሥራ

በከተማው ዳርቻ ባሉ ሆቴሎችና መዝናኛዎች መዋኛ ገንዳ ይገኛል። በሁለት ሜትር ውሃ ውስጥ ሊሠራ የሚችለው ብዙ ነው፦ ማስክ አውልቆ መዋኘት፣ ፊኛውን በአግድም አቋም እንደሆኑ መንፋት፣ የጓደኛን ሁለተኛ ሬጉሌተር (አየር የሚተነፈስበት መሣሪያ) ይዞ ገንዳውን ዳር እስከ ዳር መሄድ። እግር ማጠንከርም ያስፈልጋል። እንጦጦ ላይ መሮጥ ሳንባ ይሠራል፤ የእግር ክንፍ አጥልቆ መዋኘት የሚጠቀምበትን ጡንቻ ግን አይነካም። ክንፍዎን አጥልቀው ይዋኙ።

በገንዳ ውስጥ የአየር ፍጆታዎን ሲለኩ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ይህን የሚነግርዎት የባሕር ዳር አስተማሪ አይኖርም። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር ይዘው በገንዳው ወለል በ2 ሜትር ጥልቀት 10 ደቂቃ ዋኙ እንበል። የሲሊንደሩ ግፊት ጠቋሚ 16 ባር ቀነሰ (ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 1 ባር ያህል ነው)፤ 16 በ12 ሲባዛ 192 ሊትር ነው። የተለመደው ስሌት በ2 ሜትር ያለውን ግፊት 1.2 ባር አድርጎ ስለሚወስድ በደቂቃ 16 ሊትር ይልዎታል። ጥሩ ቁጥር ነው፣ ደስ ይላል፣ ስሕተትም ነው። በአዲስ አበባ አካባቢ በ2,350 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ስለሆነ በገንዳው ወለል ላይ ያለው ግፊት 0.96 ባር ብቻ ነው። 192 ለ0.96፣ ከዚያም ለ10 ሲካፈል 20 ሊትር ይመጣል። እውነተኛው ፍጆታዎ ይህ ነው። የአራት ሊትር ልዩነት ገንዳ ውስጥ ምንም አይደለም፤ በ30 ሜትር ጥልቀት ግን በአራት ተባዝቶ በየደቂቃው የ16 ሊትር ጉድለት ይሆናል።

ከገንዳ አልፈው ለመለማመድ የሚፈልጉ ሰዎች ቢሾፍቱን ያስባሉ። የእሳተ ገሞራ ሐይቆቹ ጥልቅና አረንጓዴ ናቸው፤ ከስር ሲኬድ ጨለማ ነው። ማጣቀሻ በሌለበት ውሃ ሚዛን ጠብቆ ለመቆም ከእነርሱ የተሻለ ትምህርት ቤት በቅርብ የለም። የአካባቢውን ፈቃድ ይጠይቁ። ሆራ አርሰዲ ኢሬቻ የሚከበርበት ሐይቅ ስለሆነ ለመለማመጃ አይምረጡት።

ሁለት ነገር ግን ይወቁ። መጀመሪያ፣ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቷ 0.8 ባር ነው። በሐይቁ 20 ሜትር የወረደ ሰው በየጥልቀቱ የሚፈቀደውን ቆይታ የሚያሳየውን የመጥለቂያ ሠንጠረዥ ማንበብ ያለበት 25 ሜትር እንደወረደ አድርጎ ነው። ጥልቀትንና ቆይታን የሚቆጥረው የመጥለቂያ ኮምፒውተርዎ ከፍታን በራሱ የሚለይ ከሆነ ከመጥለቅዎ በፊት አብርተው ማረጋገጥ፣ በእጅ የሚስተካከል ከሆነ ማስተካከል አለብዎት። ሁለተኛው ይብሳል፦ ከሐይቁ ወጥተው በዚያው ቀን ወደ ሱሉልታ ከተመለሱ ከመጥለቅ በኋላ 800 ሜትር ወጡ። ከ300 ሜትር በላይ መውጣት እንደ በረራ ይቆጠራል። ቢሾፍቱ ይደሩ፤ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ይመለሱ። ዓሣውም ጥሩ ነው።

የሐይቁን ልምምድ ወደ ባሕር ሲወስዱ የሚቀየረው እርሳሱ፣ ማለትም ለመስጠም የሚታጠቁት ክብደት ነው። ከነመሣሪያው 100 ሊትር ቦታ የሚይዝ ሰው ጨው ከሌለው ውሃ ወደ ቀይ ባሕር ሲገባ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ተጨማሪ እርሳስ ይፈልጋል፤ ቀይ ባሕር ከአብዛኛው ባሕር የበለጠ ጨዋማ ነውና። ሲሊንደሩ 50 ባር ሲቀር 5 ሜትር ላይ ያለ ትግል መቆም ከቻሉ ልኩ እርሱ ነው።

ስለ ቪዛና ስለ ሻንጣ ብዙ አልልም። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ፣ ማስክና ኮምፒውተርም በእጅ ሻንጣ። መጥለቅን በግልጽ የሚሸፍን መድን ይግዙ፤ ተራው የጉዞ መድን በአብዛኛው አይሸፍንም። ጉንፋን ከያዘዎት ይቅርብዎ፤ አፍንጫ የሚከፍተው መድኃኒት ውሃ ውስጥ ሳሉ ኃይሉ ካለቀ ጆሮና ሳይነስ (የፊት አጥንት ክፍተት) ውስጥ የታሰረው አየር ሲወጡ መውጫ ያጣል።

ስለ ጾም የሚጠይቁ አሉ። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ ከሻርኮቹ ወቅት ጋር ይገጥማል። የጀልባ ምግብ ሩዝና ምስር ስለማያጣ ምግቡ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ነው። ውሃ የጎደለው ሰውነት ናይትሮጅንን በቅጡ አያወጣም። የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ በውሃ ጥም ሆነው ግን አይጥለቁ።

ውሃ ውስጥ

በመጀመሪያው ቀን ጀልባው በባሕር ዳር ሪፍ ላይ የማረጋገጫ መጥለቅ ያደርጋል። ይህን እንደ ማባከን አይዩት፤ እርሳስዎ የሚስተካከለው እዚህ ነው።

በደሴቶቹ ላይ የሚወርዱት አብዛኛውን ጊዜ ከጎማ ጀልባ ነው። ፍሰቱ በሰሜን ጫፍ ላይ መትቶ ወደ ሁለት ስለሚከፈል ጥሩው ነገር ሁሉ ያለው እዚያው ጫፍ ላይ ነው፤ ችግሩም። የመንሳፈፊያ ጃኬትዎን አየር ሙሉ በሙሉ አስወጥተው፣ ሬጉሌተሩን ነክሰው፣ ማስክዎን ይዘው ሁላችሁም በአንድ ቆጠራ ወደ ኋላ ተገልብጣችሁ ትገባላችሁ። ላይ ቆሞ መነጋገር የለም። ላይ አንድ ደቂቃ የቆየ ሰው ከጫፉ ተጠርጎ ከጓደኞቹ ይለያል። መገናኛው 10 ሜትር ላይ በግድግዳው አጠገብ ነው። ስለዚህ ከመዝለልዎ በፊት ሲሊንደሩ መከፈቱን ጠቋሚውን እያዩ ሦስት ጊዜ በመተንፈስ ያረጋግጡ፤ መርፌው ከተወዛወዘ ቫልቩ በደንብ አልተከፈተም። ባዶ ጃኬት ይዞ የሚገባ ሰው ይህን ውሃ ውስጥ ለማወቅ ጊዜ የለውም።

ፍሰቱን ከዓሦቹ ያንብቡ። ብርቱካናማዎቹ አንቲያስ ዓሦች ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ ፍሰቱ ያዞራሉ። ከሪፉ ራቅ ብለው ተበትነው ከበሉ ፍሰቱ ለዘብ ያለ ነው፤ ከኮራሉ ላይ ተለጥፈው ጭራቸውን ከቆሉ በርትቷል። ጥግ ላይ ሲደርሱ የፊተኛውን ጠላቂ አረፋ ይመልከቱ። አረፋው ወደ ጎን ከሄደ ይቀጥሉ፤ ወደ ታች ከሄደ ቁልቁል የሚጎትት ፍሰት አለና እዚያው ይመለሱ።

ሳያዩት ከገቡበትስ? ኮምፒውተሩ ጥልቀት ሲጨምር ጆሮዎ ይነግርዎታል። ቀጥታ ወደ ላይ አይታገሉ። ወደ ግድግዳው ይጠጉ፤ ከዓለቱ ጋር ፍሰቱ ይደክማል፤ ሕይወት የሌለው ድንጋይ ካገኙ በጣት ይያዙ። ግድግዳው ከራቀዎት ወደ ክፍት ባሕር በአግድም ዋኝተው ከፍሰቱ ይውጡ። ጃኬትዎ ውስጥ ጥቂት አየር መጨመር ይቻላል፤ እጅዎ ግን ከማስወጫው አይለይ፣ ፍሰቱ የለቀቀዎት ቅጽበት ያ አየር ወደ ላይ ይተኩስዎታልና።

ከጓደኛዎ ከተለያዩ አንድ ደቂቃ ዙሪያውን ፈልገው ይውጡ። ሁለተኛ ደቂቃ የለም።

ስለ ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ ከተራ አየር የበዛ ድብልቅ)፦ ባለ 32 በመቶ ኦክስጅኑ በ1.4 ባር የኦክስጅን ግፊት ገደብ ከ33 ሜትር በታች አይወሰድም። ዕቅድዎ 40 ሜትር ከሆነ 28 በመቶ ያስሞሉ። ሲሊንደሩን ራስዎ ለክተው ይፈርሙ። ለእኛ ናይትሮክስ የታችኛውን ጊዜ ማርዘሚያ ብቻ አይደለም፤ ናይትሮክስ እየተነፈሱ ኮምፒውተሩን እንደ ተራ አየር ቢያስተካክሉት ወደ ቤት የሚወስዱት ናይትሮጅን ይቀንሳል። ጥልቀቱ ከኦክስጅኑ ገደብ እንዳያልፍ ግን በራስዎ መጠበቅ አለብዎት።

የአየር ሒሳብ

"በ50 ባር እንወጣለን" የሚለው ልማድ ለጥልቅ ግድግዳ አይበቃም። ለምን እንደሆነ እንቁጠር። 30 ሜትር ላይ ጓደኛዎ አየር አለቀበት። ሁለታችሁም ደንግጣችኋልና እያንዳንዳችሁ በደቂቃ 30 ሊትር፣ በአንድ ላይ 60 ሊትር ትተነፍሳላችሁ። ለመረጋጋት አንድ ደቂቃ በ4 ባር ግፊት 240 ሊትር ይወስዳል። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጣችሁ ከ30 እስከ 5 ሜትር ሦስት ደቂቃ ያህል ነው፤ አማካዩ ግፊት 2.75 ባር ስለሆነ 495 ሊትር። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ በ1.5 ባር 270 ሊትር። ድምሩ 1,005 ሊትር ነው። በ12 ሊትር ሲሊንደር 84 ባር ማለት ነው፤ 90 ይበሉት።

እንግዲህ 200 ባር ይዞ ለገባ ሰው 30 ሜትር ላይ የሚያጠፋው 110 ባር፣ ማለትም 1,320 ሊትር ነው። በእውነተኛው የ20 ሊትር ፍጆታ በየደቂቃው 80 ሊትር ስለሚሄድ 16 ደቂቃ ይሰጠዋል። በገንዳው የተሳሳተ ቁጥር አስቦ ቢሆን 20 ደቂቃ ያለው ይመስለው ነበር። እነዚያ አራት ደቂቃዎች የሚወጡት ከጓደኛው ድርሻ ነው።

የውሃው ገጽ ላይ

ፊኛውን ቢያንስ ከ10 ሜትር ላይ ሆነው ይልቀቁ፤ ለእያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ ፊኛ ይኑረው። ሠራተኞቹ የጎማ ጀልባውን ይዘው የሚፈልጉት ብርቱካናማ ቀለም ነው እንጂ ጭንቅላት አይደለም፤ በአንድ ሜትር ማዕበል ጭንቅላት ከመቶ ሜትር አይታይም። ፉጨትና ትንሽ መስታወት ኪስዎ ውስጥ ይኑሩ። ከቀትር በኋላ ለሚጠልቅ ሰው የባትሪ መብራት ግድ ነው። ጀልባው እስኪደርስ ማስክና ሬጉሌተር አይወልቁም።

ነጭ ጫፍ ያለው የውቅያኖስ ሻርክ ከመጣ ቀጥ ብለው ቆመው ፊትዎን ወደ እርሱ ያዙሩ፣ ከጓደኛዎ ጋር ጀርባ ለጀርባ ይሁኑ፣ ዓይንዎን አይንቀሉ። ይህ ሻርክ ደፋር ነው፤ ሊመረምርዎት ይጠጋል። የውሃው ገጽ ላይ መንቦጫረቅ ይጠራዋል። የጎማ ጀልባው ሲመጣ አንድ በአንድ፣ ሌላው ወደ ታች እየተመለከተ ይውጡ። ከጀልባው ጓዳ የምግብ ትራፊ የሚጥል ሠራተኛ ካዩ ለመሪው ይንገሩ፤ አያፍሩ።

ከተመለሱ በኋላ

ሁለቱን ሌሊት ቆይተው በረሩ፣ ደረሱ። በኮምፒውተሩ ላይ ያለው "አይብረሩ" የሚለው የአውሮፕላን ምልክት መጥፋቱ ለበረራው እንጂ ለሱሉልታ ቤትዎ አልተሠራም። የመጀመሪያውን ሌሊት ከተማው ዝቅ ባለበት፣ ቃሊቲ ወይም አቃቂ ዘመድ ካለዎት እዚያ ቢያድሩ መልካም ነው፤ ከሱሉልታ ጋር ያላቸው የከፍታ ልዩነት ከ500 ሜትር በላይ ነው። ለጥቂት ቀናት የእንጦጦ ሩጫ ይቅር።

ከዚያ ሰውነትዎን ያዳምጡ። የትከሻ ወይም የክርን ሕመም፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ ቆዳ ላይ የሚወጣ ሸንተረር፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ ሽንት መቸገር ሁሉም ከግፊት መቀነስ ሕመም ሊሆኑ ይችላሉ። በእኛ ዘንድ ትከሻ ሲያም "ብርድ መታኝ" ይባላል፤ ድካሙም በጉዞ ይሳበባል። ቅባት ተቀብቶ መተኛት ሰዓት ያባክናል። ከመጥለቅ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት፣ ወደ ከፍታ ከወጡም በኋላ የተሰማ ማንኛውም አዲስ ሕመም መጀመሪያ በዚህ ይጠርጠር።

የሚደረገው ይህ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ይሰጥ፤ ተኝተው ውሃ ይጠጡ፤ ከነበሩበት ከፍታ በላይ አይውጡ። የዳንን የአደጋ ጊዜ መስመር ይደውሉ። ሁርጋዳና ሻርም ኤል ሼክ የግፊት ማስተካከያ ክፍል ስላላቸው ሕመሙ እዚያ ሳሉ ከጀመረ በፍጹም አይብረሩ። አዲስ አበባ ላይ ከጀመረ ደግሞ የሚያገኙዎት ተረኛ ሐኪም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ፦ የመድን ቁጥርዎ፣ የዳን ስልክ፣ የደም ዓይነትዎ፣ የሚወስዱት መድኃኒት። ሲመለሱ በጀርባው የመጨረሻዎቹን ቀናት ጥልቀት፣ የቆይታ ደቂቃ፣ የወጡበትን ሰዓትና የተነፈሱትን የጋዝ ዓይነት ከኮምፒውተሩ ገልብጠው ይጻፉና ወረቀቱ የት እንዳለ ለቤተሰብ ይንገሩ።